ከጋፋት እስከ ጎታ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



የተማሪዎች ማኅበር ስለ ጀርመን አገር ኑሯችን እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ርእሱን ለምርጫችን ትቶልን ነበር። ስለ ትምህርታችን ብንናገር ግማሻችሁ ታንቀላፋላችሁ፤ ስለ ፋብሪካና ስለ አውቶሞቢል ብንናገር ደግሞ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሁለት የደብረ ታቦር ልጆች ከረጢታቸውን በትከሻቸው አንግተው፥ ለሁለት 90 ዩሮ ይዘው፥ ጎታ የምትባለውን ከተማ እንዴት አድርገው እንደ ጎበኙ እንነግራችኋለን። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው አንዳችን ቢሆንም የጻፍነው ሁለታችን ነን። የዓመት ቁጥር ስንጠራ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልን በቀር የአውሮጳውን ማለታችን ነው።

«በርሊን እያለ ለምን ጎታ?» የሚል አይጠፋም። ጎታ 45 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት፥ በቱሪንገን አውራጃ በኤርፉርትና በአይዘናኅ መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ነገር ግን በ1652 ዓ.ም. አንድ ያገራችን ሰው በእንግድነት ገብቶባታል፤ ይኸውም ከአምሐራ መካነ ሥላሴ የተወለደው አባ ጎርጎርዮስ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ኢየሱሳውያን ሲባረሩ አብሮ ከአገር ወጣ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም ሮማ ገባ። በዚያ በ1649 የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ አገኘውና ግዕዝና አማርኛ ተማረበት። በኋላም የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ አገሩ አስመጣው። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ ብዙው ነገሩ ከዚህ ከአንድ የኛ መነኵሴ አፍ የተቀዳ ነው። እኛ አማርኛን በትምህርት ቤት ስንማር ይህን የነገረን አልነበረም።

እንግዲህ ጕዞው ግንቦት 10 እና 11 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር ነበር። የምንማረው በላይፕሲክ ነው። «ዶይችላንድ ቲኬት» የሚባል አለ፤ በዚያን ጊዜ በወር 49 ዩሮ የተከፈለበት ሰው በመላው አገር በከተማ ባቡርም፥ በአውቶቡስም፥ በአዝጋሚው ባቡርም እንደ ልቡ ይሄዳል። (ዋጋው በ2025 ወደ 58 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር።) በፈጣኑ ባቡር ግን አያሳፍርም። ስለዚህ ሀብታም በአንድ ጊዜ የሚደርስበትን እኛ ባቡር እየቀያየርን፥ በየጣቢያው እየቆምን ደረስን። ይህ ጕዳት አይምሰላችሁ፤ አገር የሚታየው በአዝጋሚው ነው።

ለስንቅ ድርቆሽ፥ በሶና አንድ እፍኝ በርበሬ ይዘን ነበር። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለ ነበረ በጾም አመካኝቶ ወጪ መቀነስ አልተቻለም! ቀሪውን ዳቦና ሙዝ ቅዳሜ ማታ ገዛን፤ ምክንያቱም በጀርመን አገር እሑድ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ሰኞም የነሱ የጰራቅሊጦስ በዓል ነበረ። ይህን ያላወቀ መንገደኛ በገንዘቡ ላይ ተቀምጦ ይራባል። ውኃ ግን አይገዛም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ንጹሕ ስለ ሆነ ኮዳ መያዝ ይበቃል። ያደርነው በኤርፉርት ስድስት አልጋ ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለሁለታችን 52 ዩሮ ከፈልን። የወጣቶች ማደሪያ የሚባለውን ነገር ለዓለም ያስተማሩት ጀርመኖች ናቸው። ሪካርድ ሺርማን የተባለ መምህር ተማሪዎቹን በእግር ሲያዞር ማደሪያ ቢቸግረው ነገሩን አሰበና የመጀመሪያውን ቋሚ ማደሪያ በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ ከፈተ።

አሁን ወደ ጠባችን እንምጣ። በጀርመን አገር የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሲገዛ 25 ሳንቲም መያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን ለመለሰ ይከፈለዋል። ሰው ሁሉ ግን አይመልስም፤ በየመናፈሻው ጥሎት ይሄዳል። ከሁለታችን አንዱ (የትኛው እንደ ሆነ አንናገርም) ጐንበስ ብሎ አንሥቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ሌላው ፊቱ ቀላና፥ «የበጌምድር ልጅ በሰው አገር ጠርሙስ ይለቅማል?» አለ። የመጀመሪያውም፥ «አያትህ ከዙር አምባ እስከ ጎጃም አኩፋዳ አንግተው፥ የለበሱት ለምድ፥ የያዙት ዱላ፥ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ሲሉ አላፈሩም፤ አንተ ስለ ምን ታፍራለህ?» ብሎ መለሰለት። «እሳቸው ለትምህርት ነው!» «እኛስ ለምን መጣን?» እንዲህ እየተባባልን የመናፈሻውን ግማሽ ዞርን። የቆሎ ተማሪ ልማድ ለዚህ ዓይነቱ ጕዞ ከማንኛውም መምሪያ መጽሐፍ ይበልጣል፤ ባዶ እጁን አገር ላገር መዞርን ከኤውሮፓ ወጣቶች በፊት ያውቅበታል። የሆነ ሆኖ ዘጠኝ ጠርሙስ ተለቀመ።

በእሑድ ጧት ጎታ ደረስን። ከገበያው አደባባይ ወደ ኮረብታው ሲወጣ ውኃ በደረጃ ይወርዳል፤ ይህም ውኃ በ14ኛው መቶ ዓመት በተቆፈረ ቦይ ከሩቅ ወንዝ የተጠለፈ ነው። በላዩ ፍሪደንሽታይን የሚባለው ግንብ ቆሟል፤ ትርጓሜው «የሰላም ድንጋይ» ማለት ነው። በጀርመን ምድር ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት (1618–1648) ገና ሳያልቅ፥ በ1643 መስፍን ኤርንስት አሠራሩን ጀመረ። በዓመት በፊት ደግሞ በግዛቱ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ደንብ አውጥቶ ነበር። በግንቡ በር ላይ ሰላም እንደሚያበላ፥ ጠብ ግን እንደሚበላ የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል። ሁለታችንም እዚያ ቆመን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። በዚያ ዓመት በክልላችን ጦርነት ነበረ፤ የስልክ ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለ ነበረ ከቤተ ሰቦቻችን ጋራ የምንገናኘው መስመር ሲገኝ ብቻ ነው። ጦርነቱ ያደቀቀው አገር በሩ ላይ ይህን ከጻፈ እነሆ 380 ዓመት ገደማ ሊሆነው ነው።

ሙዚየሙ መግቢያ አለው። ሂሳቡን ብናየው ለሁለት አላስኬድ አለ፤ ዕጣ ተጣጣልንና አንዱ ገባ፥ ሌላው በግቢው አረፈ። የገባው ወጥቶ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ነገረው። የቀረው ሰው አሁንም ድረስ ግማሹን ባይኑ ያየው ይመስለዋል፤ ክርክርም ሲነሣ እንደ ምስክር ይቆጠር ይላል።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ግንብ መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ሃይማኖታችን፥ ስለ ሥርዓታችንና ስለ አገራችን ጠይቀውታል። እንግዳው ያዘለው ስንቅ እንደኛ በሶ አልነበረም፤ ቋንቋው ነበር። ጎታ ከዚያ በኋላም እኛን አልረሳችም። በ19ኛው መቶ ዓመት የፔርቴስ ማተሚያ ቤት የዓለምን ካርታ የሚያወጣው በዚህች ከተማ ነበር፤ ፔተርማን የሚባለው የካርታ ሊቅ ያሰናዳው የሔይግሊን ጕዞም በ1862 እስከ አፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ደርሷል።

እዚህ ላይ ወደ ጋፋት እንመለስ፤ ከዚህ አዳራሽ በእግር ይደረሳል። በዚያው ዘመን የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት በባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት የላካቸው እጀ ብልኆች፥ ዛልሙለር፥ ኪንዝለን፥ ማየር፥ ቤንደር፥ ስዊሳዊው ዋልድማየርም፥ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌል ይሰብኩ ዘንድ መጡ። ንጉሡ መድፍ ካልሠራችሁ አላቸው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በጋፋት ቀለጠ፤ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጕልበት እየተጐተተ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። እጀ ብልኆቹ እዚህ አገር አገቡ፥ ወለዱ። አብሯቸው የነበረው የፖላንዱ ተወላጅ የሞሪትዝ ሆል ልጅ በ1868 መቅደላ ላይ ተወለደች፤ የፊልም ተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ የርሷ የልጅ ልጅ ነው። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋራ ሲጣሉ ግን የጋፋት እንግዶች በዘብ ተያዙ።

ይህን ጕዳይ በመመለሻው ባቡር ውስጥ ብዙ አወራንበት። እነዚያ እንግዶች እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ እኛ ደግሞ ፓስፖርታችን ላይ እስከ መቼ እንደምንቆይ ተጽፎልናል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ ማንም ሳያስገድደው ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣና በ1658 በእስክንድሮና ባሕር ላይ መርከቡ ተሰብሮ ሞተ።

እናንተ በየመንገዱ «ለምን ተመለሳችሁ?» ትሉናላችሁ። አንዳችን የፈቃዱ ቀን ስላለቀ ተመልሷል፤ ሌላው ግን ገና አንድ ዓመት ነበረው። እናቱ በስልክ «ልጄ፥ እዚያው ቆይ» እያሉት ነው የመጣው፤ ዛሬም አልታረቁትም። ይህን ያህል ብቻ እንድንናገር ፈቅዶልናል።

ሂሳቡን ለሚፈልግ፦ ማደሪያ 52፥ ምግብ 12፥ አንድ የሙዚየም ቲኬትና ሁለት ቡና 10፥ ጠቅላላ 74 ዩሮ። 16 ተረፈ። የጠርሙሱ 2 ዩሮ ከ25 ሲጨመር 18 ከ25 ሆነ። አንዳችን የካርታ ሥዕል እንግዛበት ብሎ ነበር፤ በመጨረሻው በወሩ ወደ ቤት ከምንልከው ላይ ጨመርነው።

መንገዱ ደኅና የሆነ እንደ ሆነ በሚመጣው ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት ጋፋት በእግር እንሄዳለን። የሚከተለን በሶውን ይዞ ይምጣ፤ ኮዳ አይርሳ።