ቀላል ሽጉጥ፣ ከባድ ጥይት፦ ስለ ምርጫና ስለ ልክ



በአገራችን ስለ ጦር መሣሪያ ሲወራ የሚነሣው የመሣሪያው ስም ነው፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር። ጥይቱ ይረሳል። ይሁንና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ፣ የቋራው ልጅ የዐፄ ቴዎድሮስ ነፍጠኛ ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዝ በኩል ሲጠቀጥቅ፣ ሰናድር የያዘው የእንግሊዝ ወታደር ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ በአንድ ቀለህ የተጠቃለሉበትን ጥይት ከኋላ ያጎርስ ነበር። የጎደለው ጀግንነት አልነበረም።

ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ትንሿ መሣሪያ ላምጣው። ጥይቶቿ በሚሽከረከር ቋት የሚቀመጡባት፣ በኪስ የምትያዝ ቀላል ሪቮልቨር ምን ዓይነት ጥይት ይስማማታል? ብዙ ሰው «ኃይለኛው» ብሎ ይመልሳል። የኒውተን ሕግ ግን ሌላ ይላል።

10 ግራም አረር በሰከንድ 230 ሜትር ፍጥነት ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ብንተወው፣ 1 ኪሎ የሚመዝን ሽጉጥ በሰከንድ 2.3 ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። ሽጉጡ 500 ግራም ከሆነ ፍጥነቱ 4.6 ሜትር ይሆናል፤ እጅ የሚቀበለው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ኪስን ያቀለለው ነገር እጅን አከበደው ማለት ነው።

38 ስፔሻልና 357 ማግነም የተባሉት ጥይቶች የአረራቸው ውፍረት አንድ ነው፤ 9.1 ሚሊ ሜትር ገደማ። የማግነሙ ቀለህ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ግፊቱም እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን አፈሙዙ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ሽጉጥ ከጉልበቱ ከፊሉ አረሩን ሳይገፋ ነበልባልና ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ሌላም አደጋ አለ፤ ቀላል ሽጉጥ በኃይል ወደ ኋላ ሲመለስ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች አረር ከቀለሁ ተስቦ ሊወጣና ቋቱ እንዳይሽከረከር ሊያግድ ይችላል። ያን ጊዜ መሣሪያው ብረት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለግማሽ ኪሎ ሽጉጥ መደበኛ ግፊት ያለው 38 ስፔሻል፣ አረሩም በቀለሁ በጥብቅ የተያዘ፣ የተሻለ ምርጫ ነው። መመዘኛው ተኳሹ ደጋግሞ ሊለማመድበትና ሁለተኛውን ጥይት በዒላማው ላይ ሊያሳርፍ መቻሉ ነው።

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደ ፒያሳ ሰው በሚተራመስበት ቦታ የሚቆም ጥበቃ፣ የሳተው ጥይት ሁሉ አንድ ቦታ ያርፋል፤ የሚያርፍበትም ሰው ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድን ግዴታ አድርጓል። ፈቃዱ መያዝን ይፈቅዳል እንጂ ልክን አያስተምርም። ልክን የማስተማሩ ሥራ የእኛ ነው።