ሰነፍ ያልነው ታሞ ይሆን?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ቀን በኋላ ለክረምት ወደየአገራችን እንበተናለን። በየቤታችን ታናናሾቻችን ይጠብቁናል። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ እነርሱ ነው።

አምና ለፋሲካ ቤቴ ስገባ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀው ወንድሜ እንደ ወትሮው ሮጦ አልተቀበለኝም። ኳስ ትቷል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ጧት ጧት ሆዴን ይላል፤ ሲናገሩት ይቈጣል። እናታችን «ጠበል ውሰደው» አለችኝ። ጎረቤት «ጉርምስና ነው» አለ። እኔ ደግሞ «ስንፍና ነው» ብዬ ገሠጽሁት። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሕመሙ ድባቴ መሆኑ ታወቀ። ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቈጠቍጠኛለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ከዋናዎቹም ድባቴና ጭንቀት ይገኙበታል። ድባቴ በልጅ ላይ ሁልጊዜ በዕንባ አይታይም፤ ቍጣ፥ ራስ ምታት፥ የውጤት መውደቅ ሆኖም ይመጣል። ፈተና ሲቃረብ መፍራት የማንም ሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ኀዘኑ ወይም ደስታ ማጣቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅ ከሰነበተ፥ እንቅልፍና ምግብም ከነሣ፥ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጠበሉም ይቀጥል፤ ሐኪሙም አይቅር። በምክርና በመድኃኒት የሚድን ሕመም ነውና።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ የማይረቡ ናቸውን? የልጁን ክብር በአንድ ወረቀት ላይ ከሰቀልነው፥ ወረቀቱ ሲወድቅ ልጁም ይወድቃል። እንቅልፍ፥ ጨዋታ፥ ባልንጀራ፥ የሚያዳምጠው አንድ ታላቅ፤ እነዚህ ለልጅ እንደ እንጀራ ናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ታዲያ የሚደብቀው እኛ ስለምንቈጣው አይደለምን? ስለዚህ ቤት ስትገቡ ከምክር በፊት ጠይቁ። ተስፋ የቈረጠ ከመሰላችሁ «ሞትን አስበህ ታውቃለህ ወይ?» ለማለት አትፍሩ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። «አዎን» ያለውን ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት።

ወንድሜ ዛሬ ኳሱን ይጫወታል። እኔም መጠየቅ ተምሬአለሁ።