ቀረሶና አምባዛ በአንድ ኩሬ፦ ማን ቀድሞ ይግባ?

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ዛሬ የምንነጋገረው በቆፈራችሁት ኩሬ ውስጥ የትኛውን ዓሣ ከየትኛው ጋር አብሮ ማርባት እንደሚሻል ነው። ብዙዎቻችሁ ቀረሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ አስገብታችኋል። የምታነሱት ቅሬታም ተመሳሳይ ነው፦ «ዓሣው በዛ እንጂ አላደገም።»

ቅሬታው እውነት ነው። ቀረሶ ኩሬ ውስጥ ገና መዳፍ ሳትሞላ መራባት ትጀምራለች። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ አብዛኛዎቹ ይተርፋሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያስገባችኋቸው 400 ዓሦች ሺዎች ይሆናሉ። ውሃው ግን ያው ነው፤ ምግቡም ያው ነው። ሁሉም ይቀነጭራሉ፤ በመጨረሻ የምታወጡት አውራ ጣት የሚያህል፣ ገበያ የማይቀበለው ዓሣ ይሆናል።

መፍትሔው ቀረሶን መተው አይደለም፤ ተስማሚ ጓደኛ መፈለግ ነው። እናንተ በቆሎን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ታውቁበታላችሁ። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት ፍላጎታቸው ስለሚለያይ ነው። ቦሎቄውን መቼ እንደምትዘሩም ታስባላችሁ። በኩሬም ሕጉ ይኸው ነው። ጓደኛ ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ይበላል? አፉ ምን ያህል ይሰፋል? መቼ ይግባ?

ቀረሶ በዋናነት በአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን እፅዋትና የምትሰጡትን ፉርሽካ ትበላለች። አምባዛ ግን ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ትልንም፣ የእንቁራሪት ልጅንም፣ ትናንሽ ዓሣንም። የሚበዛውን የቀረሶ ጫጩት ለቅሞ ይቀንስላችኋል፤ ትልልቆቹ ሰፊ ቦታና በቂ ምግብ ያገኛሉ። ደግሞም አምባዛ በተፈጥሮ የሚራባው ክረምት ሲገባ፣ ጎርፍ ባጥለቀለቀው ዳርቻ ስለሆነ፣ በረጋ ኩሬ ውስጥ በቀላሉ አይራባም። ስለዚህ ራሱ በዝቶ አያስቸግራችሁም።

ነገር ግን ይኸው ጠባቂ ካለቦታውና ካለጊዜው ከገባ አጥፊ ይሆናል። ይህን ከራሴ ስህተት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምደግፈው ቀበሌ አንዲት እናት አርሶ አደር የመጀመሪያውን ዙር በጥሩ ሁኔታ አመረቱ። ቀረሶውንና ያገኘነውን አምባዛ በመረብ አወጣን፤ ሸጡ፤ ደስ አላቸው። ለሁለተኛው ዙር ኩሬውን አጠንፍፈው እንዲያደርቁ መምከር ነበረብኝ። ወሩ ውሃ ያጠረበት ስለነበር «ውሃውን አናባክን፣ በዚሁ ላይ ጫጩት እንጨምር» አልኩ። 400 የቀረሶ ጫጩት አስገባን። ከሁለት ወር በኋላ መረብ ስንጥል ከጥቂት ቀረሶዎች በቀር የወጣ አልነበረም፤ በምትኩ ክንድ የሚያህሉ አምባዛዎች ወጡ። ባለፈው ዙር ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ከመረብ ያመለጡ ናቸው። እናት ዓሦቹን አዩና «ልጄ፣ ጥጆቼን ከጅብ ጋር አሳደርካቸው እኮ!» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የጫጩቱና የሁለት ወር ፉርሽካው ኪሳራ ግን የእሳቸው ሆነ።

በመሆኑም የሚከተሉትን ነጥቦች አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ኩሬውን በየዙሩ ሙሉ በሙሉ አጠንፍፉ። ጭቃውን በእጃችሁ ፈትሹ፤ ወለሉ እስኪሰነጠቅ በፀሐይ ይድረቅ። ውሃ የሚያጥራችሁ ከሆነ የምርት መሰብሰቢያውን ጊዜ ከዝናቡ መግቢያ ጋር አጣጥሙት።

ሁለተኛ፣ ቀረሶ ቀድማ ትግባ። አምባዛው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዘግይቶ ይከተል። በምታስገቡበት ቀን የአምባዛው ርዝመት ከቀረሶው ማነስ አለበት። በዓይን አትገምቱ፤ ከሁለቱም ጥቂቶቹን አውጥታችሁ ጎን ለጎን ለኩ።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ጠብቁ። በፍግና በፉርሽካ ለሚያዝ ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ቀረሶ፣ ለ10 ቀረሶ 1 አምባዛ ጥሩ መነሻ ነው። ኩሬያችሁ 10 በ20 ሜትር ከሆነ 400 ቀረሶና 40 አምባዛ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ከወንዝ የተጠለፈ፣ ዓይነቱና መጠኑ የተደባለቀ ዓሣ አታስገቡ። የማታውቁት በላተኛ ወይም በሽታ አብሮ ሊገባ ይችላል። በባሕር ዳርና በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከላት አሉ፤ ጫጩት ስትፈልጉ በልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ በኩል ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ስለ ካርፕ። ካርፕ ብርድን ከቀረሶ በተሻለ ይችላል፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ያሉ አርሶ አደሮች ይጠይቁናል። ሆኖም ከኩሬው ወለል ምግብ ሲፈልግ ጭቃውን ይቆፍራል፤ ውሃውን ያደፈርሳል። የአገራችን ዓሣም አይደለም። ጣና ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ወደ ጣና የሚፈስ ወንዝ አጠገብ ያላችሁ ባለሙያ ሳታማክሩ ካርፕ አታምጡ። ጎርፍ ኩሬን ከሰበረ ዓሣውን መልሶ የሚሰበስብ የለም።

ስድስተኛ፣ ውሃውን በየቀኑ ተመልከቱ። ክንዳችሁን ውሃ ውስጥ ስታስገቡ ክርናችሁ ድረስ ሲገባ መዳፋችሁ ከተሰወረ አረንጓዴነቱ ደህና ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተሰወረ ፍግ አቁሙ። ማለዳ ላይ ቀረሶዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ሲተነፍሱ ካያችሁ አየር አጥሯቸዋል፤ አዲስ ውሃ ጨምሩ፤ መመገብም አቁሙ። «አምባዛው ደህና ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አምባዛ ከውሃ በላይ ያለውን አየርም መተንፈስ ስለሚችል ቀረሶ በምትሞትበት ውሃ እሱ ይኖራል። በዚሁ ችሎታው ዝናባማ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ ይሄዳልና የኩሬውን ዙሪያ እጠሩ፤ መውጫ ቱቦውንም በወንፊት ዝጉ።

በመጨረሻ፣ እናንተን ጎረቤት ያያችኋል። እናንተ በትክክል ያደረጋችሁትን አምስት ቤት ይከተላል፤ የሳታችሁትንም እንዲሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንት አስገባችሁ፣ በምን መጠን፣ መቼ የሚለውን በደብተር ጻፉ።

ከምሳ በኋላ ወደ ማሳያው ኩሬ ወርደን መረብ እንጥላለን። ቀረሶና አምባዛ ጎን ለጎን ለክታችሁ «አሁን ይግባ» ወይም «ገና ነው» ብላችሁ የምትወስኑት እናንተው ናችሁ።