ጣሪያው የማን ነው?

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን የኖረ ሰው የጋዝ መኪናውን ዜማ ያውቀዋል። የቤቶቨንን «ፉር ኤሊዝ» በድምፅ ማጉያ እያሰማ ጠባቡን የኮረብታ መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ባዶ ሲሊንደር ያለው ሁሉ ከቤቱ ብቅ ይላል። 12.5 ኪሎ ጋዝ 7 ዲናር፣ ወደ 10 የአሜሪካ ዶላር መሆኑ ነው።

እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሒሳብ ጠንቅቀው ያውቁታል። ዓረብ አገር ሙቀት ብቻ ይመስላት የነበረች ልጅ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አማን ላይ የሚቀበላት አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው። ከተማዋ የተሠራችው አንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በሚያልፉ ኮረብቶች ላይ ነው፤ በረዶ የሚጥልበትም ዓመት አለ። በተመላላሽነት የሚሠሩት ተሰባስበው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ሶባ የሚሉትን የጋዝ ማሞቂያ ይገዛሉ፣ የጋዙን ይካፈላሉ። ለእናት ሊላክ የታሰበው ገንዘብ ግን በጣሪያና በመስኮት ሾልኮ ይወጣል።

ጥፋቱ የቤቱ አሠራር ነው። በጀበል አማንም ሆነ በጀበል አል ሁሴን የአሮጌዎቹ ቤቶች ፊት የሚያምር ነጭ ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ጀርባ ግን ብዙዎቹ ኮንክሪትና ብሎኬት እንጂ ሙቀት የሚያግድ ነገር የላቸውም፤ የመስኮታቸው መስታወትም ነጠላ ነው።

የዮርዳኖስ መንግሥት የኃይል ወጪውን ችግር አልዘነጋውም። አገሪቱ የምትጠቀምበትን ኃይል በአብዛኛው ከውጭ ትገዛለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ከግብፅ የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ በተደጋጋሚ በፈንጂ ሲመታ፣ የመብራት ኩባንያዋ ውድ ነዳጅ እያቃጠለ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። በኅዳር 2012 የነዳጅ ድጎማው ተነሥቶ ሲሊንደሩ ከ6.5 ወደ 10 ዲናር ሲዘል (ዋጋው ኋላ ወርዷል) ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት የታዳሽ ኃይልና የኃይል ቁጠባ ሕግ ወጣ፤ ለዚሁ ሥራ ፈንድ እንዲቋቋምም ተደነገገ። ፈንዱ ለፀሐይ ውሃ ማሞቂያና ለጣሪያ ሶላር የወጪውን ከፊል ይሸፍናል፤ ቀሪውን ባለቤቱ ከኪሱ ወይም በባንክ ብድር ይሞላል። ከሚያዝያ 2013 ወዲህ ደግሞ ከ150 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ አዲስ አፓርታማ የፀሐይ ማሞቂያ ሳይገጠምለት ሰው እንዳይገባበት ተደረገ።

መልካም ነው። ግን አዲሱና ሰፊው ቤት በደንብ ሲያዝ፣ በአሮጌውና በጠባቡ ያለው ተከራይስ? ድጎማውም ብድሩም የሚያናግሩት ባለቤቱን ነው። ባለቤቱ ደግሞ የጋዙን ወጪ አይከፍልም፤ ታዲያ ስለ ምን ይበደራል? ከነሐሴ 2000 በፊት የተፈረመ የኪራይ ውል ያለባቸው ቤቶች ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ ሕጉ ተከራዩን ለረጅም ዘመን ስለጠበቀው ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ባለቤቱም ለእድሳት እጁ አይዘረጋም። አዲሱ ተከራይ በበኩሉ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ ቤቱ ሲሻሻል ኪራዩ ይጨመርበታል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱም እውነት ነው።

እኔን ያስደሰተኝ መፍትሔ የታየው በሰሜን፣ በኢርቢድና አካባቢው ነው። የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ከ2013 ጀምሮ ግንባታቸው ለተቋረጠ ቤቶች ባለቤቶች ማጠናቀቂያ ገንዘብ ሰጠ፤ በለውጡም የሶርያ ስደተኛ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለ ኪራይ ይቀመጥበታል። በኋላም በኪራይ ቤቶች ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሲገጥም ባለቤቶቹ ኪራይ እንዲያቃልሉ አስማማ። ማሞቂያው ለባለቤቱ ቀሪ ንብረት ነው፤ ተከራዩም ድርሻውን በእጁ ያገኛል። ገንዘቡና የኪራይ ውሉ በአንድ ወረቀት ተፈረሙ ማለት ነው። የዮርዳኖስ ፈንድም፣ ባንኮቹም ተከራይ ላለበት ቤት ገንዘብ ሲሰጡ ይህንኑ ቢጠይቁ ምን ይከብዳቸዋል?

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። የአዲስ አበባን የቀበሌ ቤት አስቡ፤ ኪራዩ ለረጅም ዘመን ጥቂት ብር የነበረ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ አዳሹ የማይታወቅ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ለተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ሰጥቶታል። ወጪውን ለመመለስ ዓመታት ለሚፈጅ ማሞቂያ ግን ሁለት ዓመት አጭር ነው።

የቤቶቹ ነገር እስኪስተካከል አማን ላላችሁ እህቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብርዱን ለመከላከል የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ ደፍናችሁ ሶባ እየነደደ አትተኙ። ከሶባው የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በየዓመቱ በብርድ ወራት ሰው በተኛበት ይገድላል፣ የአገሩ ሲቪል መከላከያም ይህንኑ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ከመተኛታችሁ በፊት ሶባውን አጥፉ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ከፍታችሁ ክፍሉን አናፍሱ።