ዝናቡን ማን ይቀበለው?

  የዛሬው ርዕሳችን ስለ ዝናብና ስለ ጎርፍ ነው።

በነሐሴ ወር ፒያሳ ኑር መስጊድ ሰግዶ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ወንዙን ማየቱ አይቀርም። አንዳንድ ቀን ፒያሳ ላይ ካፊያ እንኳ ሳይኖር ወንዙ አፈር መስሎ እያጓራ ይመጣል። ዝናቡ የጣለው እኛ ዘንድ ሳይሆን ላይ፣ ከእንጦጦ በኩል ነውና።

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጁሙዓ ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ ሰው ገብቶ ድርቁ እንደጎዳቸው ነገራቸው። ዱዓ አደረጉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። በቀጣዩ ጁሙዓ ደግሞ ንብረት ጠፋ፣ መንገድ ተቆረጠ የሚል አቤቱታ መጣ። ያን ጊዜ እርሳቸው ዝናቡ ጨርሶ እንዲቀር አልለመኑም። ከመኖሪያቸው ላይ ተነስቶ በኮረብታው፣ በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት ቦታ ላይ እንዲሆን ለመኑ። ዝናብ ራሕመት ነው። ጥያቄው የሚያርፍበት መሬት እንዴት ይቀበለዋል የሚለው ነው።

እስቲ በቤታችን እንሞክረው። አንድ ጣሳ ውሃ በሊሾ ወለል ላይ ብንደፋ እስከ በር ይሮጣል። ያንኑ ውሃ ምንጣፍ ላይ ብንደፋው እዚያው ይቀራል። ተራራም እንዲሁ ነው። የዝናብ ጠብታ ራቁት አፈር ላይ ሲወርድ አፈሩን ይፈረካክሳል፤ ደቃቁ የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውሃውም መግቢያ ሲያጣ ቁልቁል ይሮጣል። ሣርና የረገፈ ቅጠል ካለ ግን ጠብታው በእነርሱ ላይ ያርፋል፣ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ በሥሩ መንገድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ያ የሰረገው ውሃ ነው በበጋ ምንጭ ሆኖ የሚመለሰው።

«እንጦጦ እኮ ዛፍ ሞልቶታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተተክሏል፤ ከተማዋንም ከማገዶ ችግር አውጥቷታል። ነገር ግን ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እምብዛም አይበቅልም። የረገፈውንም ቅጠል እናቶች ለማገዶ ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው ሲያወርዱ ኖረዋል። ችግር ነውና ያስገደዳቸው፣ እነርሱን መውቀስ አይገባም። ውጤቱ ግን ከላይ ዛፍ፣ ከታች ራቁት መሬት ነው። ስለዚህ ስንት ችግኝ ተተከለ ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ መሬቱ ለበሰ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዝናብ በሚያንስበት አገር ነገሩ ይብሳል። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአዲስ አበባ ግማሽ ገደማ ነው። የደቻቱ ወንዝም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሆኖም ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ከላይ ከተራቆቱት ተራሮች የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። አላህ ይዘንላቸው።

መፍትሔውም በአገራችን ታይቷል። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ደረቅና የተራቆተች ቀበሌ ነበረች። ሕዝቡ ተራራውን ከከብት ንክኪ ከለለ፣ እርከን ሠራ፣ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈረ። ሣሩና ቁጥቋጦው ተመለሰ፤ የጉድጓድ ውሃም ቀረበ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘች። መሬትን ከልሎ ማሳረፍ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ሒማ አድርገው መከለላቸው ይታወቃል።

ልብ እንበል፣ በደረቅ አገር ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ዛፍ በብዛት መትከል ምንጩን ሊያሳንስ ይችላል። እዚያ ሣርና የአገሩ ቁጥቋጦ ይቀድማል። መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ ለሚመጣ ከባድ ዝናብም ዕፅዋት ብቻውን አይበቃም። ከወንዝ ዳር ራቅ ብሎ መሥራትና ቦይን ክፍት ማድረግ የግድ ነው።

እኛ የከተማ ሰዎችስ? ቆርቆሮውና አስፋልቱ ጠብታ አያስገቡም፤ ያለንን ትንሽ አፈር ሁሉ በሲሚንቶ አንድፈነው። ግቢያችን ውስጥ ሣር እንተው። የረገፈውን ቅጠል አናቃጥል፣ በአትክልቱ ሥር እናልብሰው። ፌስታልና ጥራጊ ወደ ቦይ አንጣል፤ ከእኛ ደጅ የተጣለው ከታች ያለውን ጎረቤት ቤት በውሃ ያስሞላል። ጎረቤትን ማስቸገር ደግሞ በዲናችን ቀላል ነገር አይደለም። ችግኝ የተከልንም በቀጣዩ ዓመት ሄደን እንየው። ከተከሉት ዛፍ ወፍም ሰውም እንስሳም ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆን ተነግሮናል።

ዝናቡን የሚያወርደው አላህ ነው። መቀበያውን ማዘጋጀት የእኛ አማና ነው። አላህ ዝናቡን የራሕመት ያድርግልን፤ ከጎርፍ ይጠብቀን።