ተመራማሪ ማፍራት

 

ቡና የተከለ ገበሬ በማግስቱ ለቀማ አይወጣም። ለችግኙ ጥላ ያበጃል፣ ይኮተኩታል፤ ፍሬውን የሚያየው ከዓመታት በኋላ ነው። ተመራማሪ ማፍራትም እንዲሁ ነው።

የሠለጠነ ተመራማሪ የሚሰጠውን ፍሬ ለማየት ዶክተር አክሊሉ ለማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶዱንማ ስንቱ ያውቀው ነበር! እሳቸው ግን የሠለጠኑ ተመራማሪ ናቸውና፣ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ እንደሚያስተላልፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም አረጋገጡ።

ታዲያ ተመራማሪ ማፍራት ማለት ማስተማር ብቻ አይደለም። የተማረው ሰው ቤተ ሙከራ፣ መሣሪያና ጊዜ ይፈልጋል። በጀት የምትመድቡ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ እነዚህን አትንፈጉት።