በስልክ ስለሚነገረው ነገርና ስለ ቅሬያችን ደንብ
(በዓመታዊው ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ፣ በስልኩ ስለ ጦርነት የሚጽፍ ወይም የሌላውን ጽሑፍ የሚያዛምት አባል ይቀጣ፣ ከደገመም ከቅሬው ይሰረዝ የሚል አሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ብዙ እጅ ወጥቶለትም ነበር። ውሳኔው ለዛሬ ሲተላለፍ፣ ነገሩን አጥንታችሁ አቅርቡ የተባልን አባላት ተሰብስበን መክረንበታል። አሳባችን ከብዙኃኑ የተለየ ሆኖ ተገኝቷልና እስቲ በትዕግሥት አድምጡን።

አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ወሬ ሰው እንደሚያጋጭ አይተዋል፤ እኛም አይተናል። ነገር ግን ‹‹ወሬኛ›› ተብሎ የሚቀጣው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ዋሾው ሳይሆን ከብዙኃኑ የተለየ የተናገረው ሰው ነው።

በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሣ ‹‹የሕግ ማስከበር ዘመቻ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ያልቃል›› ይባል ነበር። እርቅ ይሻላል ያለ ፈሪ ተባለ፤ ባንዳ የተባለም አለ። ታዲያ ምን ሆነ? በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 በላያችን ከረመ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። ያ ፈሪ የተባለው ሰውዬ እኮ ከዚህ የተለየ አልተናገረም። ይኸን ስንል በሩ ላይ ጠመንጃ የመጣበት ሰው ቤቱን አይጠብቅ ማለታችን አይደለም። ከሩቅ ሆኖ፣ አዲስ አበባም ይሁን አሜሪካ ተቀምጦ፣ ‹‹ግፋ በለው›› የሚል ሰው ግን ቃሬዛ አይሸከምም፣ መቃብርም አይቆፍርም። ያ የኛ የቅሬተኞች ሥራ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህም በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሥቷልና ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ዝም ማሰኘትስ ይጠቅማል? ለወሎ ሰው ይኸ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1965 እና በ66 ሕዝባችን በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ያሳየው በጥቅምት 1966 ነው። በ1977 መግቢያ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር። ዓለም የደነገጠው በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ነው። ያን ጊዜ ‹‹ስም ታጠፋላችሁ›› ተብለው ዝም የተሰኙት ሰዎች እውነት ይዘው ነበር።

በቅርቡም ያው ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ቆቦ ላይ የትግራይ ኃይሎች መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን ሲገድሉ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል አጣርቶ ያወጣው በየካቲት 2014 ነው። እስከዚያው አንዱ ‹‹ምንም አልተደረገም›› ይላል፣ ሌላው እንደፈለገው ያበዛዋል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወሬው አይቋረጥም፤ የሚጠፋው ማጣሪያው ነው። ከአላማጣ ማዶ ባለው በትግራይ ሕዝብ ላይም ሁለት ዓመት ያህል ስልክ ተዘግቶ፣ ልጁ ይኑር ይሙት የማያውቅ እናትና አባት ስንት ነው! ይኸንንም አብረን ካላልን የራሳችንን ብቻ መናገራችን ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ መብራትም እንበል። የታላቁ ግድብ ምርቃት ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሆነ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ቆቦ በዚያ ቀን ሙት ዓመት አላት። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ ያዋጣንበት ነውና እንኮራበታለን። ‹‹እንግዲህ የመብራት ነገር አለቀ›› የሚለውን ግን አንቀበልም። ማመንጨት ሌላ፣ ቤት ማድረስ ሌላ። ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ በአገሪቱም ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት የለውም። የለቅሶ ቤት እንጀራችን የሚጋገረው በማገዶ ነው፤ እናቶቻችን ጭሱን ያውቁታል። በቆቦ ጊራና ሸለቆም መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል፣ ሽንኩርቱም ይጠወልጋል። ይኸን የጠየቀ ሰው የግድቡ ጠላት ነው እንዴ?

ወደ ደንቡ እንመለስ። ከቅሬ መሰረዝ ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰውዬው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ቀባሪ አይወጣለትም። ክርስቲያኑ ጀናዛ እየሸኘ፣ እስላሙ የክርስቲያኑን መቃብር እየቆፈረ የኖረ ቅሬ፣ በአሳቡ ምክንያት ሰው ቀባሪ ሊከለክል አይገባውም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ እሱን ማስፈጸም የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሰው ይገደል፣ ይባረር ብሎ የሚጽፍ አባል ቢገኝ ሽማግሌ ይጠራው፤ እምቢ ካለም ሕግ አለ።

የኛ የራሳችን ጉዳይ መርዶ ነው። ድሮ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ነበር የሚነገረው። አሁን ግን እናት የልጇን ሬሳ ፎቶ በጎረቤት ስልክ ላይ ታያለች። ሞተ የተባለውም በሕይወት ሲገኝ ምን እንደሚከተል አስቡት። ስለዚህ በቀረበው አሳብ ፈንታ የሚከተለው በደንቡ እንዲገባ እንጠይቃለን፦ ማንኛውም አባል የሟችን ስም ወይም ፎቶ፣ የቅሬው ዳኛ ሞቱን ከሁለት ሰው ሳያረጋግጥና ለቤተሰቡ መርዶ ሳይነገር፣ በስልክ እንዳያወጣ። ያወጣ ይቀጣል፤ አይሰረዝም። የቅጣቱን ልክ ጉባዔው እንዲወስን ትተነዋል።